ቋንቋው ይሸጣል ወይስ ዕቃው?

በማኅበራችን 25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ ዋዜማ፣ ናይሮቢ፣ ለአባላትና ለቤተሰቦቻቸው የተደረገ ንግግር



ኮሚቴው በዚህ ጉዳይ እንድናገር ሲጠይቀኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ፤ ከእናንተ አንዳንዶቹ ደግሞ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ነገሩን ላልሰማችሁ ባጭሩ እንዲህ ነው። ልጆቻችን ለጠቅላላ ጉባኤው አንድ ሐሳብ አቅርበዋል። ከኢዮቤልዩው የሚተርፈው ገንዘብ ለእነርሱ ይሰጥ፣ እነርሱም በአማርኛ የሚጻፍ፣ ለትንንሽ መሣሪያዎች የሚያገለግል የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሠርተው ለገበያ ያቅርቡ፣ ትርፉም ለማኅበሩ ይግባ የሚል ነው። ኮሚቴው ደግሞ «ይኼ ነገር እንጀራ ይወጣዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። ድምፅ የምትሰጡት በሚቀጥለው እሑድ ስለሆነ የማውቀውን ሳልደብቅ ለመናገር መጥቻለሁ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ እዚህ አገር ስንኖር ለምደነዋል።

ከቤታችን ልጀምር። የብዙዎቻችን የመብራት ቆጣሪ ቅድሚያ የሚከፈልበት ነው። በስልክ እንከፍላለን፣ 20 አኃዝ ያለው ቶክን ይላክልናል፣ ቆጣሪው ላይ ስንጫነው መብራት ይመጣል። በ2024 ግን ሌላ ትእዛዝ መጣ። ኬንያ ፓወር ከተለመደው ቶክን በፊት ሌሎች ሁለት ባለ 20 አኃዝ ቁጥሮች እንድናስገባ አሳወቀን። አንዲት እናታችን ደውለው «ልጄ፣ እነዚህ ሌቦች ናቸው ወይስ እውነተኞቹ?» ብለው የጠየቁኝን አልረሳውም። እውነተኞቹ ነበሩ።

ምክንያቱ ደስ የሚል ነው፤ ቢያንስ ለእኔ። ቆጣሪዎቹ የሚሠሩት ኤስ.ቲ.ኤስ. በሚባል፣ በደቡብ አፍሪካ በተጀመረ ደንብ ነው። አንድ ቶክን ሁለት ጊዜ እንዳይሠራ፣ የወጣበት ደቂቃ በውስጡ ተደብቆ ይቀመጣል። ደቂቃው የሚቆጠረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1993 ጀምሮ ነው። ሰው በጣቱ ሊጫነው በሚችለው 20 አኃዝ ውስጥ የተገዛው መጠንም፣ ደቂቃውም፣ ስሕተት መፈተሻውም መግባት ስለነበረበት፣ ለደቂቃው የተረፈው ቦታ 24 ቢት ብቻ ሆነ። በ24 ቢት 16,777,216 ደቂቃ ብቻ ነው መቁጠር የሚቻለው። ይህ ሲመነዘር 32 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንት ይቀረዋል፤ ኖቬምበር 24 ቀን 2024 ላይም አለቀ። ያልታደሰ ቆጣሪ አዲሱን ቶክን አሮጌ ነው ብሎ ይመልሰዋል ማለት ነው። እነዚያ ሁለት ቁጥሮች ቆጠራው ከ2014 እንዲጀምር አደረጉት። ስለዚህ በ2045 ልጆቻችሁ እንደ ገና ይጫናሉ።

ይህን የተረክሁት ላስደንቃችሁ አይደለም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለች ያቺ ሳጥን ኮምፒውተር ናት። ቁልፍ ሰሌዳዋ የቁጥር ብቻ ነው፣ መስኮቷ አውራ ጣት ታክላለች፣ ማንም ኮምፒውተር ብሎ አይጠራትም። እንግሊዞቹ ኢምቤድድ ይሏታል፤ እኔ በዕቃ ውስጥ የተቀበረ ኮምፒውተር እላታለሁ። በልብስ ማጠቢያ፣ በመኪና፣ በሊፍት፣ በውኃ ፓምፕ፣ በሆስፒታል መሣሪያ ሁሉ አለች። ጠባይዋም ከጠረጴዛ ኮምፒውተር የተለየ ነው። አንዴ ከተሰቀለች 20 ዓመት ትቀመጣለች፤ ማንም መጥቶ አያድሳትም። ይህንን ያዙልኝ፤ የገበያው ነገር ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው።

አሁን ወደ ቋንቋው። ቺፕ የሚገባው ዜሮና አንድ ነው፤ ሰው ግን በዜሮና በአንድ ማሰብ አይችልም። የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ማለት እንግዲህ ሰው የሚጽፍበት ሰዋስውና ያን ጽሑፍ እስከ ቺፑ የሚያደርስ አስተርጓሚ ነው። ኮምፓይለር የሚባለው ሙሉውን ጽሑፍ አስቀድሞ ተርጉሞ የሚያስረክብ ነው። ኢንተርፕሪተር የሚባለው ደግሞ በስብሰባ ላይ ከተናጋሪው አጠገብ ቆሞ እየሰማ እንደሚያስተረጉም ሰው ነው። የኋለኛው ምቹ ነው፤ ነገር ግን እርሱም ቺፑ ውስጥ መቀመጫ ይፈልጋል፤ በትንሽ ቤት ደግሞ አንድ ወንበር ብዙ ነው።

በዚህ ዓለም የገነነው ሲ የሚባለው ቋንቋ ነው። ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካ በቤል ላብ በ1972 ገደማ የሠሩት ነው፤ ከ50 ዓመት በኋላም ከወንበሩ የሚያነሣው አልተገኘም። ሲን ማንም አይሸጥም። የሚሸጠው ኮምፓይለሩ ነበር። በ1983 በስዊድን የተቋቋመው አይ.ኤ.አር. እና በጀርመን የተጀመረው ካይል በዚህ ሥራ ታወቁ፤ ለአንድ መሐንዲስ የሚሆን ሙሉ ፈቃድ በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጥ ነበር። ጥሩ ንግድ ነው ትሉ ይሆናል። ነበር። በ2005 ግን ኤ.አር.ኤም. የተባለው የቺፕ ንድፍ ባለቤት ካይልን ገዛው። ነገሩ ማሽላ ነጋዴው ወፍጮ ቤቱን እንደ መግዛቱ ነው። ማሽላው እስከ ተሸጠለት ድረስ የወፍጮውን ዋጋ እንደ ፈለገ ዝቅ ማድረግ ይችላል፤ ወፍጮ ብቻ ያለው ጎረቤቱስ ምን ይብላ? ዛሬ አብዛኛው ቺፕ ሠሪ የመጻፊያ መሣሪያውን በነጻ ይሰጣል፤ ትርፉን የሚያገኘው ከቺፑ ነው። በ2025 ኳልኮም፣ ተማሪ ሁሉ የሚጀምርበትን የአርዱይኖን ሰሌዳ የሚሠራውን ድርጅት ሊገዛ መስማማቱን ሲያስታውቅ እኔ አልገረመኝም።

በዚያ ላይ ከ1987 ጀምሮ ጂ.ሲ.ሲ. የሚባል ነጻ ኮምፓይለር አለ። «ነጻ ከሆነ ማን ያተርፋል?» ለሚል ሰው ሲግነስ የተባለውን ድርጅት እጠቅሳለሁ። በ1989 ተቋቁሞ ነጻውን ኮምፓይለር ለአዲስ ቺፖች እያስማማና እየጠገነ፣ ለጥገናው ዋጋ ያስከፍል ነበር። በ1999 መጨረሻ ሬድ ሃት ወደ 674 ሚሊዮን ዶላር በሚገመት አክሲዮን ለመግዛት ተስማማ። ኮምፓይለሩ ያኔም ነጻ ነበር።

ከሁሉ የሚያስተምረው ግን የጃቫ ታሪክ ነው። ጃቫ ለኢንተርኔት የተፈጠረ የሚመስለው ብዙ ነው። አይደለም። በ1991 ሰን ማይክሮሲስተምስ ውስጥ ጥቂት መሐንዲሶች ተለይተው፣ ለቤት ዕቃ የሚሆን ነገር እንዲፈልጉ ተደረገ። ጄምስ ጎስሊንግ ለዚሁ አንድ ቋንቋ ሠርቶ፣ ከቢሮው መስኮት ውጭ በነበረው ዛፍ ስም ኦክ አለው። በ1992 በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ሠርተው አሳዩ። ቴሌቪዥን ላይ ለሚቀመጥ ሳጥን ሊሸጡት ሞከሩ፤ ጨረታውንም ተሸነፉ። ገዢ ጠፋ። በ1995 ስሙን ጃቫ ብለው ለኢንተርኔት ሲያወጡት ነው ዓለም የተቀበለው። ለዕቃ የተወለደው ልጅ ዕቃ ቤት ሳይሆን ሌላ ቤት አደገ ማለት ነው።

ኋላ ግን ወደ ዕቃው ተመለሰ። በ1996 የሽሉምበርዤ መሐንዲሶች በአሜሪካ ኦስተን ውስጥ ጃቫን ከርክመው ከርክመው ጥፍር በምታክል የካርድ ቺፕ ውስጥ አስገቡት፤ ጃቫ ካርድ ተባለ። ሲም ካርዳችሁ፣ የባንክ ካርዳችሁ ራሱ ኮምፒውተር ነው። ዛሬም ጃቫ ካርድ የሚሠራባቸው ቺፖች በየዓመቱ በቢሊዮን ይመረታሉ። በ1999 ደግሞ ለተንቀሳቃሽ ስልክ የሚሆን ታናሽ ጃቫ ወጣ፤ የድሮ ኖኪያችሁ ላይ ልጆቻችሁ ጨዋታ ሲጫወቱ የነበረው በእርሱ ነው። ሰን ለጠረጴዛ ኮምፒውተር ጃቫን በነጻ ሲሰጥ፣ ከስልክ ሠሪዎች ግን የፈቃድ ክፍያ ይቀበል ነበር። ስሌቱ ጥሩ ይመስላል፤ ስልክ በመቶ ሚሊዮን ይሸጣል፣ ከእያንዳንዱ ጥቂት ሳንቲም።

ምን ሆነ? ጉግል አንድሮይድን ሲሠራ ሰዎች የለመዱትን የጃቫን አጻጻፍ ወሰደ፣ ሞተሩን ግን ራሱ ሠራ፤ ፈቃዱንም አልገዛም። ሰን ተዳከመ፤ በጃንዋሪ 2010 ኦራክል ጠቀለለው። ኦራክል በዚያው ዓመት በኦገስት ጉግልን ከሰሰ፣ የኋላ ኋላም ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር ጠየቀ። ክርክሩ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶ፣ ኤፕሪል 5 ቀን 2021 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ2 በሆነ ድምፅ ለጉግል ፈረደ። እንግዲህ ያን ያህል ጠበቃ ያለው ድርጅት ቋንቋን በመሸጥ ከዚህ ከደረሰ፣ በኪሊማኒ አንድ ክፍል ተከራይተው የሚሠሩ አምስት ልጆች ማንን ከሰው ያስከፍላሉ? (ሳቅ)

ይኼ ሁሉ ሲሆን እዚሁ አጠገባችን ምን ይደረግ እንደ ነበር እናንተ ራሳችሁ ምስክር ናችሁ። ማርች 6 ቀን 2007 ሳፋሪኮም ኤም-ፔሳን ከፈተ። ከዚያ በፊት በ2005፣ በእንግሊዝ መንግሥት የልማት ገንዘብ እርዳታ፣ ፋውሉ ከተባለው የብድር ተቋም ጋር ሙከራ ተደርጎ ነበር፤ የታሰበው ተበዳሪዎች ብድራቸውን በስልክ እንዲከፍሉ ነው። ሰዎቹ ግን ገንዘብ ለዘመድ መላኪያ አደረጉት፤ ሠሪዎቹም ይህን አይተው አገልግሎቱን ለወጡት። የአገልግሎቱ የምርጫ ዝርዝር የተቀመጠው ስልኩ ውስጥ ሳይሆን ሲም ቱልኪት በሚባል ዘዴ ሲም ካርዱ ውስጥ ስለነበር፣ በጣም ርካሹ ስልክም ሠራበት። ባለ ሱቁም፣ ዘበኛውም፣ ከሞያሌ የመጣው ከብት ነጋዴም እኩል ተጠቀሙ። ሲም ካርዷ ላይ ያለችው ፕሮግራም በምን ቋንቋ እንደ ተጻፈች ግን የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም። ሰው የከፈለው ለላከው ገንዘብ ነው።

ከዚያ ላይ ሌላው ተነሣ። በ2012 ኤም-ኮፓ የፀሐይ ብርሃን መሣሪያ በዱቤ መሸጥ ጀመረ። ሳጥኑ ውስጥ ሲም ካርድ ነበረ፤ ቤተሰቡ በቀን ጥቂት አሥር ሽልንግ በኤም-ፔሳ ሲከፍል መብራቱ ይሠራ ነበር፣ ሲያቋርጥ ይዘጋ ነበር። የዱቤ ዋስ የሆነው ጎረቤት ሳይሆን ሳጥኑ ውስጥ የተቀበረው ኮምፒውተር ነው። ይህ ለእኔ ባለፉት 20 ዓመታት በዚህ ክፍለ አፍሪካ ከታዩት የተቀበሩ ኮምፒውተር ንግዶች ሁሉ ብልሁ ነው። በአገራችንም በሜይ 2021 ቴሌብር፣ በኦገስት 2023 ደግሞ ኤም-ፔሳ ስለጀመሩ፣ ለእንዲህ ያለው ዕቃ የክፍያው መንገድ አለ።

አሁን እምቢ ያልሁበትን ምክንያት ልናገር።

ከ2009 እስከ 2012 ድረስ እኔ፣ አንድ የአገራችን ልጅና አንድ ኬንያዊ ወዳጃችን ሆነን በትክክል ይህንኑ ሞክረነዋል። ትንሽ ቋንቋ ሠራን። 32 ኪሎባይት ማስቀመጫና 2 ኪሎባይት የሥራ ቦታ ብቻ ባለው ቺፕ ላይ የሚሮጥ ኢንተርፕሪተር ነበር። ሐሳባችን የእርሻ ቴክኒሻን ሲን ሳይማር «ጋኑ ከግማሽ ሲወርድ ፓምፑን አስነሣ» ብሎ በቀላሉ እንዲጽፍ ነው። ከእያንዳንዱ መሣሪያ ላይ የፈቃድ ክፍያ ልንቀበል አሰብን። እንዲያውም የትርፉን ሠንጠረዥ ለአምስት ዓመት ሠርተን ነበር፤ ዛሬ ሳየው አፍራለሁ።

ገንዘቡ ከየት መጣ? ከዕቁባችን። በዚህ አዳራሽ ተራቸውን ለእኔ የለቀቁ ሁለት ሰዎች አሉ፤ አንዳቸው የልጃቸውን የትምህርት ቤት ክፍያ አዘግይተው ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ ያውቁታል።

ናይቫሻ አካባቢ ያለ አንድ የአበባ እርሻ ሊሞክርልን ፈቀደ፣ 11 መሣሪያ ተከልን። ለሦስት ወር ደኅና ሠራ። አንድ ሌሊት ከአንዱ ጋን የሚመጣው የመለኪያ ገመድ በቁፋሮ ተቆረጠ። የተቆረጠ ገመድ ዜሮ ያነባል። በእኛ ቋንቋ ደግሞ ዜሮ ማለት «ጋኑ ባዶ ነው» ማለት ነበር፤ «አላውቅም» የሚል ቃል አልነበረውም። ያን ቃል ያልጨመርነው ጥቂት ባይት ለመቆጠብ ብለን ነው። ፓምፑ ሙሉ ጋን ላይ ሌሊቱን ሁሉ ውኃ ሲያፈስስ አድሮ፣ የጉድጓዱ ውኃ ሲያልቅ በደረቁ ሮጦ ተቃጠለ። ፓምፑን ተካን፤ የዕቁቡ ገንዘብ እዚያ ገባ።

ከፓምፑ በላይ የጎዳን ግን የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ከዚያ በኋላ የጠየቁን ጥያቄ ነው። ሰውየው አልተቆጡም። «ይህን ቋንቋ ከእናንተ ከሦስታችሁ ሌላ በዓለም ላይ የሚያውቅ አለ?» አሉን። የለም አልን። «እናንተ ነገ ብትጣሉ ወይም ብትሞቱ፣ ይህን ማን ይጠግንልኛል?» መልስ አልነበረንም። በሲ ቢሆን ማንኛውም የጆሞ ኬንያታ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ከፍቶ ያየዋል። ወደ ሌሎች አራት እርሻዎች ሄድን፤ በሌላ አነጋገር ያንኑ ጠየቁን። ቅድም ያዙልኝ ያልኋችሁ ይህ ነው። 20 ዓመት ለሚቀመጥ ዕቃ ማንም ሦስት ሰው ብቻ የሚናገረውን ቋንቋ አይገዛም።

በመጨረሻ ቋንቋውን ጣልነው፣ መሣሪያውን እንደ ገና በሲ ጻፍነው፣ ጋኑ ሲጎድል ወይም ገመዱ ሲበጠስ ለዘበኛው ስልክ መልእክት እንዲልክ አደረግን። ለመልእክቱና ለጥገናው በየወሩ መከፈል ጀመረ። ዕቁቡን መልሼ ከፍዬ የጨረስሁት በዚያ ነው፤ አራት ዓመት ፈጀብኝ። ያስከፈልነው ገንዘብ ሁሉ ዕቃው ስለሚናገረው ነገር እንጂ ስለ ተጻፈበት ቋንቋ አልነበረም።

«ታዲያ ቋንቋ ሸጦ የሚኖር የለም?» አለ እንጂ። በ1994 የተቋቋመው አዳኮር ለአውሮፕላንና ለባቡር የሚሆነውን የአዳን ቋንቋ ኮምፓይለር ይዞ በዓመታዊ ክፍያ ይኖራል። ጃቫ ካርድም ለካርድ ሠሪዎች በፈቃድ ይሰጣል። ነገር ግን ደንበኞቻቸውን ተመልከቱ። ጥቂትና ግዙፍ ናቸው፣ ስሕተት ሰው የሚገድልበት ወይም ባንክ የሚዘርፍበት ሥራ ላይ ናቸው፣ የሚከፍሉትም ለማረጋገጫውና ከ15 ዓመት በኋላ ስልክ ለሚያነሣላቸው ሰው ነው። ያ ገበያ ለእኛ ዛሬ የተዘጋ ነው ብዬ ብናገር ልጆቹን ተስፋ ማስቆረጥ አይሆንብኝም።

ልጆቹ በማስረጃ ይከራከሩኛል፤ ጥሩ ነው። ሉአን አንሥተውልኛል። እውነት ነው፣ ሉአ በ1993 በብራዚል፣ በሪዮ ዴ ጃኔሮ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ትንሽ ቋንቋ ነው፤ ከሀብታም አገር አልመጣም፣ ዛሬ ግን በዓለም ዙሪያ በጨዋታዎችና በመሣሪያዎች ውስጥ አለ። ነገር ግን አጀማመሩን እዩ። ፔትሮብራስ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ለዩኒቨርሲቲው የሥራ ትእዛዝ ነበረው፤ ብራዚል ደግሞ የውጭ ኮምፒውተርና ሶፍትዌር እንዳይገባ ለዓመታት ገድባ ስለነበር ሰዎቹ የራሳቸውን መሥራት ለመዱ። ደንበኛው ከቋንቋው በፊት ነበረ። ቋንቋውንም አልሸጡትም፤ በነጻ ሰጡት።

ማይክሮፓይተንንም አንሥተዋል። ዴሚየን ጆርጅ የተባለ በካምብሪጅ የሚሠራ አውስትራሊያዊ የፊዚክስ ሰው፣ ፓይተን የሚባለውን የታወቀ ቋንቋ በትንሽ ቺፕ ላይ እንዲሮጥ አድርጎ በ2013 መጨረሻ ከሕዝብ ገንዘብ ሰበሰበ። 1,931 ሰዎች 97,803 ፓውንድ አዋጡለት። የሚያስጎመጅ ነው። ሰዎቹ ግን የከፈሉት የሚጠብቁት ሰሌዳ ስለነበረ ነው፤ ቋንቋው ለሁሉም ነጻ ሆነ። ከዚያም በላይ አዲስ ቋንቋ አልፈጠረም፣ ብዙ ሚሊዮን ሰው የሚያውቀውን ነው ያሳጠረው። ያ ሥራ አስኪያጅ ጠይቀውት ቢሆን ኖሮ መልስ ነበረው። በጃንዋሪ 2021 ይህንኑ የምታሄድ ራስበሪ ፓይ ፒኮ የምትባል ሰሌዳ በ4 ዶላር ገበያ ላይ ዋለች። በ4 ዶላር! እኛ በዚያን ጊዜ ለአንድ ቺፕ ማቃጠያ ብቻ ስንት እንደ ከፈልን ባነሣው ባለቤቴ ትቆጣለች።

አማርኛውስ? ይህ የልጆቹን ልብ የሚነካ ነገር ስለሆነ በጥንቃቄ እናገራለሁ። እዚህ የተወለዱ ልጆች ፊደላችንን ተጠቅመው ማሽን ማዘዝ መመኘታቸው፣ እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ለማስቆጠር የምንለፋውን ልፋት የሚያቀልልን ነው። ግን ለዚያ አዲስ ቋንቋ አያስፈልግም። ከ2008 ጀምሮ በፓይተን 3 የነገሮችን ስም በፈለጉት ፊደል መጻፍ ይቻላል። «ውኃ»፣ «ጋን»፣ «ፓምፕ» ብለው ስም ሊያወጡ ይችላሉ፤ የቀሩት ከ40 የማይበልጡ የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው፣ ያንንም ያውቃሉ። በተለመደው አቀማመጥ አንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፣ የላቲኑ 1። ይህ በጠባብ ቺፕ ላይ ሊከብድ ይችላል፤ ጽሑፉን በጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ አስቀድሞ በመተርጐም ይታለፋል። እንዴት እንደሚታለፍ መፈለግ ራሱ ለአንድ ክረምት የሚበቃ ጥሩ ትምህርት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ አለዚያ ልጆቹን በድያለሁ። ቋንቋ መሥራትን አትከልክሏቸው። በራሱ እጅ ትንሽ ኢንተርፕሪተር የጻፈ ወጣት፣ ኮምፒውተር ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ካልጻፈው ይልቅ በእጅጉ ያውቃል፤ ቺፕ ሠሪዎችም እንዲህ ያለ ሰው ይፈልጋሉ። እኔ ራሴ ከዚያ ውድቀት በኋላ ሥራ ያገኘሁት ያን ቋንቋ በመሥራቴ ነው። ፈተናውን የሰጡኝ ሰው ስለ ፓምፑ ስነግራቸው ሳቁና ቀጠሩኝ። ስለዚህ ይሥሩት፤ ለትምህርት ይሥሩት። የማኅበሩን ገንዘብ ግን በእርሱ ሽያጭ ላይ አናስቀምጥ ነው የምለው።

ገንዘቡ ምን ላይ ይዋል ካላችሁኝ፣ እኔ የምደግፈው ይህን ነው። የዚህ ከተማ ውኃ በፈረቃ እንደሚመጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የብዙዎቻችን ግቢ የመሬት ውስጥ ጋን አለው፤ ውስጡ ምን ያህል እንደ ቀረ የሚታወቀው ቧንቧው ሲያንኮራፋ ነው፤ ያኔ በቦቴ የሚመጣ ውኃ በችኮላ ይገዛል፣ በችኮላ የሚገዛ ደግሞ ውድ ነው። ልጆቹ በዚያች በ4 ዶላር ሰሌዳ ጋኑን እየለካ ለቤተሰቡ ስልክ የሚናገር መሣሪያ ይሥሩ። ዕቃው ሉቱሊ ጎዳና ይገኛል። ከገንዘቡ ሩብ ያህሉ በብድር መልክ ይሰጣቸው፣ መጀመሪያ በአሥር አባላት ግቢ ይሞከር፣ ግቢው በየወሩ ጥቂት ይክፈል። ካልከፈለ መሣሪያው አያስፈልግም ማለት ነው፤ ያን በአሥር ግቢ ማወቅ በሺህ ከማወቅ ይሻላል። የቀረው ሦስት ሩብ ለታቀደለት ለመረዳጃው ዕድር ይቆይ።

ልጆቹ ይህን ቅር እያላቸው እንደሚሰሙ ፊታቸው ላይ አያለሁ። ትልቅ ነገር አስበው ነው የመጡት፤ እኔ የጋን መለኪያ ሰጠኋቸው። እኔም በእናንተ ዕድሜ እንዲህ ብሎ የሚመክረኝ ሰው ቢመጣ አልሰማውም ነበር። እሑድ ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት እነርሱም ተነሥተው ይመልሱልኝ፤ አሥር ደቂቃ እንዲሰጣቸው ሊቀ መንበሩን ለምኛለሁ፣ እርሳቸውም ፈቅደዋል።

አንዷን ሰሌዳ ይዤ መጥቻለሁ፤ ከሻይ ጠረጴዛው አጠገብ ከባልዲ ውኃ ጋር ተቀምጣለች። ገመዷን ስትነቅሉት ዜሮ አትልም፤ «አላውቅም» ትላለች፣ በአማርኛ። ሄዳችሁ ንቀሉት።